የቀደምት መንገደኛና ወታደራዊ ማጓጓዣ አውሮፕላኖች አደጋዎች (1908–1939)፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ ያሉት ጥያቄዎች ስለ አንድ ዘመን ናቸው፤ አውሮፕላን ከትርዒት ሜዳ ወጥቶ ትኬት ወደሚቆረጥለት ማጓጓዣነት ከተሸጋገረበት ጊዜ አንስቶ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እስከፈነዳበት ድረስ። ቀኖቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ የሆነው ለብቻው ተጠቅሷል።

ብዙ ሰው ይህን ዘመን ሲያነሳ «ማሽኖቹ ኋላ ቀር ስለነበሩ ወደቁ» ብሎ ያልፈዋል። በዚህ አልስማማም። ማሽኖቹ ደካሞች መሆናቸው እውነት ነው። ነገር ግን ያን ሁሉ ሰው የጨረሰው አንዱ አደጋ ያስተማረው ነገር ለሚቀጥለው አብራሪ ሳይደርሰው መቅረቱ ነው። ከታች ያሉት መልሶች ውስጥ ይህ ጉዳይ ደጋግሞ ይመጣል።

በአውሮፕላን ተሳፍሮ የሞተው የመጀመሪያው ሰው ማን ነው?

የአሜሪካ ጦር መኮንን የነበረው ሌተናንት ቶማስ ሰልፍሪጅ ነው። ሴፕቴምበር 17 ቀን 1908 ቨርጂኒያ ውስጥ በሚገኘው የፎርት ማየር ጦር ሰፈር ከአውሮፕላን ፈልሳፊዎቹ የራይት ወንድሞች አንዱ የሆነው ኦርቪል ራይት አውሮፕላኑን ለጦሩ እያሳየ ነበር። ጦሩ ለመግዛት ካስቀመጣቸው መስፈርቶች አንዱ ከአብራሪው ሌላ አንድ ሰው መጫን መቻሉ ነበርና ሰልፍሪጅ አብሮ ተሳፈረ።

አየር ላይ እያሉ አንደኛው ፕሮፔለር ተሰነጠቀ። የተሰነጠቀው ፕሮፔለር ሚዛኑን ስቶ ሲንቀጠቀጥ የጭራውን መሪ የወጠረውን ሽቦ መታው። ሽቦው ሲላቀቅ አውሮፕላኑ መሪ አጥቶ በአፍንጫው ወረደ። ሰልፍሪጅ ጭንቅላቱ ተመትቶ ነበርና የዚያኑ ዕለት ማታ አረፈ። ኦርቪል ጭኑና የጎን አጥንቶቹ ተሰብረው ሆስፒታል ተኛ። ሜካኒኮቹ የተሰበሩትን ክፍሎች አልጋው ድረስ አምጥተውለት ከዚያው ሆኖ መረመራቸው፤ ጥፋቱ የት እንደነበር ለየና ማሽኑን አስተካከለ፤ በተከታዩ ዓመት ጦሩ ገዛው። ይህን ዝርዝር ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ስብራቱን ፈልጎ ማግኘትና ማረም ከመጀመሪያው ሟች ጋር አብሮ የተጀመረ ሥራ ነው። በኋላ በነበሩት 20 ዓመታት ኩባንያዎችና መንግሥታት ይህን ያህል መትጋታቸው ቀርቶ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ከየት መጡ?

አብዛኞቹ ከጦር ሜዳ። አንደኛው የዓለም ጦርነት በኖቬምበር 1918 ሲያበቃ አውሮፓ ውስጥ ሥራ የፈቱ ቦምብ ጣዮችና ሥራ የፈቱ አብራሪዎች ሞልተው ነበር። ባለ ፋብሪካዎቹ በቦምቡ ቦታ ወንበር ተከሉ፣ በጎኑ መስኮት ከፈቱ፣ ትኬት መሸጥ ጀመሩ። የእንግሊዙ ሃንድሊ ፔጅ ኦ/400፣ የፈረንሳዩ ፋርማን ጎሊያትና የጣሊያኑ ካፕሮኒ ሦስቱም መነሻቸው ቦምብ ጣይ ነው።

ኦገስት 2 ቀን 1919 አንድ ካፕሮኒ ካ.48 ከቬኒስ ወደ ሚላን ሲመለስ ቬሮና አጠገብ ወደቀ። ከመሬት ሲያዩ የነበሩ ሰዎች ክንፎቹ መጀመሪያ ሲርገበገቡ ከዚያም ሲታጠፉ ማየታቸውን ተናግረዋል። የተሳፈሩት በሙሉ አለቁ። ቁጥራቸውን አንዳንዱ 14፣ አንዳንዱ እስከ 17 ያደርሰዋል፤ ማን እንደተሳፈረ እንኳን በቅጡ የሚመዘገብበት ሥርዓት ገና አልቆመም ነበር።

በተከታዩ ዓመት ዲሴምበር 14 ቀን አንድ ኦ/400 ከለንደኑ ክሪክልውድ ወደ ፓሪስ ሲነሳ ከፍታ ሳይዝ ቀረና ጎልደርስ ግሪን በተባለው ሰፈር ከመኖሪያ ቤቶች መካከል ወደቀ። ከ8ቱ ሰዎች 4ቱ ሞቱ። የጦር አውሮፕላን ሲነደፍ በየቀኑ፣ ለዓመታት፣ ሰላማዊ ሰው ጭኖ ይመላለሳል ተብሎ አይደለም። መጋረጃና ትራስ መጨመር ይህን አልለወጠውም።

ሰማዩ ባዶ በነበረበት ዘመን ሁለት አውሮፕላኖች እንዴት ሊጋጩ ቻሉ?

ይህ ጥያቄ ብዙዎችን ያስገርማል፤ መልሱ ግን ቀላል ነው። ሰማዩ ሰፊ ቢሆንም አብራሪዎቹ ቁልቁል እያዩ የሚከተሉት መንገድ አንድ ነበር።

ኤፕሪል 7 ቀን 1922 ከለንደኑ የክሮይደን አውሮፕላን ማረፊያ ፖስታ ጭኖ ወደ ፓሪስ የሚሄድ ዲ ሃቪላንድ ዲኤች.18፣ ከፓሪስ ደግሞ 3 መንገደኞች ይዞ ወደ ለንደን የሚመጣ ፋርማን ጎሊያት ነበር። ዕለቱ ጉምና ካፊያ ነው። በዚያን ጊዜ አብራሪ ካርታ ጭኑ ላይ ዘርግቶ የመኪና መንገድ ወይም የባቡር ሐዲድ እየተከተለ ይበር ነበር፤ ጉም ሲወርድ እሱም ይወርዳል። ሁለቱም በአንድ መንገድ ላይ፣ በ150 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ፊት ለፊት ይመጡ ነበር። ሰሜን ፈረንሳይ ውስጥ ትዩሎዋ ሳንት አንትዋን በምትባል መንደር ሰማይ ላይ ተላተሙ። በሁለቱ ውስጥ የነበሩት 7 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። በፖስታው አውሮፕላን ከአብራሪው ጋር የነበረው ልጅ እግር አስተናጋጅ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ለዘመኑ ያልተለመደ ነው። በመስመሩ የሚበሩት የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይ፣ የቤልጂግና የሆላንድ ኩባንያዎች፣ ማለት ደንበኛ የሚሻሙ ተፎካካሪዎች፣ ክሮይደን ላይ ተሰብስበው ተነጋገሩ። የበረራ መስመሮች በውል እንዲለዩ፣ ሁሉም አብራሪ የሚከተለውን መንገድ በግራው እያደረገ በቀኝ እንዲበር፣ ሬዲዮም እንዲስፋፋ ተስማሙ።

በዚያ ዘመን ብዙ ሰው የገደለው የሞተር ብልሽት ነው?

ሞተር በየጊዜው ይቆም ነበር። ነገር ግን ቀላልና ዝግተኛ አውሮፕላን ሞተሩ ቢቆም እርሻ ማሳ ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ ብዙዎቹም እንዲሁ አርፈው ተርፈዋል። ማምለጫ የማይሰጠው ጉም ነው።

አድማሱ የተሰወረበት አብራሪ ሰውነቱ ያታልለዋል። የሰው ሚዛን የሚጠበቀው በውስጥ ጆሮ ነው፤ ውስጥ ጆሮ ደግሞ ቀስ ብሎ የጀመረን መዞር አይለይም። ስለዚህ አውሮፕላኑ አጋድሎ እየዞረ አብራሪው ቀጥ ብዬ እየበረርኩ ነው ብሎ ያምናል። ልምድ ከዚህ አያድንም፤ የሚያድነው መሣሪያ ነው። ሴፕቴምበር 24 ቀን 1929 ሌተናንት ጂሚ ዱሊትል ኒውዮርክ አጠገብ ከሚገኘው ሚቸል ፊልድ ኮክፒቱ በሸራ ተሸፍኖበት ተነሳ፣ ዞረና ተመልሶ አረፈ። የተመራው በሰው ሠራሽ አድማስ (አውሮፕላኑ ማጋደሉን በሚያሳይ መሣሪያ)፣ በጋይሮ (በሚሽከረከር ጎማ) በሚሠራ አቅጣጫ መለኪያ፣ በትክክለኛ የከፍታ መለኪያና በሬዲዮ ምልክት ብቻ ነው። መፍትሔው በ1929 ተገኝቷል ማለት ነው። በየአውሮፕላኑ ገብቶ በየአብራሪው እጅ እስኪለመድ ግን ዓመታት ፈጀ፤ በነዚያ ዓመታት የሞቱትን ሰዎች ሳስብ ይቆጨኛል።

ዲሴምበር 9 ቀን 1936 ክሮይደን ምን ይመስል እንደነበር እንመልከት። ጉሙ ከመክበዱ የተነሳ አብራሪ ከፊቱ ያለውን አያይም። በሣር ሜዳው ላይ ነጭ መስመር ተሰምሮ ነበር፤ አብራሪው መስመሩ ላይ ቆሞ እሱን እያየ ተንደርድሮ እንዲነሳ ነው። የሆላንዱ አየር መንገድ የኬኤልኤም ዲሲ-2 አውሮፕላን እንደዚህ ሊነሳ ሲንደረደር ከመስመሩ ወደ ግራ ወጣ፤ እንዲያም ሆኖ ተነሳ፤ በጉሙ ውስጥ ፐርሊ ወደሚባለው ከፍታማ ሰፈር አቅጣጫ ሄዶ የመኖሪያ ቤት ጣሪያ መታና ጋየ። ከ17ቱ ሰዎች የተረፉት የሬዲዮ ሠራተኛውና አስተናጋጇ ብቻ ናቸው። ከሞቱት መካከል የስዊድን ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አርቪድ ሊንድማንና የሄሊኮፕተር ቀዳሚ የሆነውን አውቶጋይሮ የፈለሰፈው ስፔናዊው ሁዋን ዴ ላ ሲየርቫ ይገኙበታል።

ኖቬምበር 16 ቀን 1937 ደግሞ የቤልጂጉ አየር መንገድ የሳቤና ዩንከርስ ዩ-52 ኦስተንድ ላይ በጉም ውስጥ ለማረፍ ዝቅ ሲል የጡብ ፋብሪካ ጭስ መውጫ መታ። የተሳፈሩት 11 ሰዎች ሞቱ። ከነሱ ውስጥ የጀርመኑ ሄሰን መስፍን ጌኦርግ ዶናቱስ፣ እናቱ፣ ነፍሰ ጡር ባለቤቱና ሁለት ወንዶች ልጆቹ ነበሩ። ወደ ለንደን የሚሄዱት ለወንድሙ ሠርግ ነው። ሠርጉ በማግስቱ በሐዘን ልብስ ተፈጸመ።

የ1931ዱ የፎከር አደጋ ለምን ይህን ያህል ይነሳል?

የሟቾቹ ቁጥር 8 ነው፤ በዚያ ዘመን መለኪያ እንኳን ትልቁ አይደለም። ነገር ግን አውሮፕላን ከምን መሠራት እንዳለበት የለወጠ አደጋ ነው።

ማርች 31 ቀን 1931 የአሜሪካው አየር መንገድ የቲደብሊውኤ ባለ ሦስት ሞተር ፎከር ኤፍ-10 ከካንሳስ ሲቲ ተነስቶ ወደ ሎስ አንጀለስ መንገድ ጀመረ። ከ6ቱ መንገደኞች አንዱ አሜሪካ ሁሉ የሚያውቀው የኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ የእግር ኳስ አሠልጣኝ ክኑት ሮክኒ ነበር። ባዛር በምትባል የካንሳስ መንደር አጠገብ ከብት የሚያግዱ ሰዎች ከደመናው ውስጥ የሞተር ድምፅ ሰሙ። ከዚያ አውሮፕላኑ ከደመናው ወጥቶ ሲወድቅ አዩ፤ ከኋላው የተገነጠለ ክንፍ እየተንሳፈፈ ይወርድ ነበር። ሁሉም ሞቱ።

መርማሪዎቹ ከመድረሳቸው በፊት ሕዝቡ ቦታውን ወርሮት ነበር። ለማስታወሻ እያለ ከስብርባሪው የቻለውን ይዞ ሄደ። ማስረጃው እንዲህ ተበታትኖ እያለ የንግድ ሚኒስቴሩ ማብራሪያ መስጠት ጀመረ፤ መጀመሪያ በረዶ ፕሮፔለሩን ሰበረ ተባለ፤ ቆይቶ ያ ተሰረዘና ሌላ መጣ። በመጨረሻ ጥርጣሬው ያረፈው በክንፉ ላይ ነው።

የፎከር ክንፍ ከእንጨት ይሠራል። ውስጡ የእንጨት ምሰሶዎችና አግዳሚዎች ናቸው፤ ላዩ በስስ ኮምፔንሳቶ ይለበጥና በሙጫ ይጣበቃል። ቀላል ነው፣ ጠንካራ ነው፣ አዲስ ሲሆን ያምራል። ችግሩ እርጥበት ነው። ዝናብ ደጋግሞ የመታውን የኮምፔንሳቶ በር ያየ ሰው የሚሆነውን ያውቃል፤ ያብጣል፣ ንብርብሩም እየተላጠ ይላቀቃል። በክንፉ ውስጥ የገባው እርጥበት ሙጫውን ያላላው ነበር። የላላ ክንፍ በነፋስ ጫና ይርገበገባል፤ ርግብግቡ ከበረታ ይገነጠላል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ውስጡን ለማየት ልባሱን መግፈፍ የግድ መሆኑ ነው። ሜካኒኩ ከውጭ ዳስሶ፣ አንኳኩቶ፣ ቀለሙ ደህና መሆኑን አይቶ ይፈርማል። ውስጡ ምን እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

መንግሥት እነዚህን ፎከሮች ለጊዜው ከበረራ አገደ። ከዚያም ክንፋቸው በየጊዜው እየተከፈተ እንዲታይ አዘዘ። ይህ ደግሞ ለኩባንያዎቹ የማይቻል ወጪ ነበር። ተሳፋሪውም ከእንጨት አውሮፕላን ሸሸ። ቦይንግ ሙሉ በሙሉ ከብረት የሆነውን ሞዴል 247 ይዞ በፌብሩዋሪ 1933 ብቅ አለ፤ የመጀመሪያዎቹን ግን እህት ኩባንያው ዩናይትድ አየር መንገድ ወሰዳቸው። ወረፋ ያጣው ቲደብሊውኤ አስቀድሞ በ1932 የብረት አውሮፕላን እንዲሠሩለት ለሌሎች ፋብሪካዎች ደብዳቤ ጽፎ ነበር፤ ዳግላስ «እኔ እሠራለሁ» አለ። ዲሲ-1 በጁላይ 1933፣ ዲሲ-3 ደግሞ ዲሴምበር 17 ቀን 1935 ለመጀመሪያ ጊዜ በረሩ።

የአደጋ መንስኤ በይፋ አይነገርም ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ በእኔ እምነት የዘመኑ ትልቁ ጥፋትም ይኸው ነው። አሜሪካ በ1926 የአየር ንግድ ሕግ ስታወጣ አደጋ መመርመርን ለንግድ ሚኒስቴር ሰጠች። ሚኒስቴሩ ግን የያንዳንዱን አደጋ መንስኤ ለሕዝብ አያወጣም ነበር። የሚመረምረው መሥሪያ ቤት ራሱ አቪዬሽንን እንዲያስፋፋ የተሾመ ነው፤ ሕዝቡ ፈርቶ እንዳይቀር፣ ኩባንያውም ፍርድ ቤት እንዳይቆም ይጠነቀቃል። ይህን ልማድ የሰበረው የሮክኒ ሞት ነው፤ ጋዜጦችና ሕዝቡ አፋጥጠው ያዙት፣ ሚኒስቴሩም ሳይወድ ተናገረ። በ1934 ሕጉ ተሻሽሎ ግልጽ ችሎት ማካሄድና መንስኤውን ማውጣት ተፈቀደ።

ሜይ 6 ቀን 1935 ቀጣዩ ፈተና መጣ። የቲደብሊውኤ ዲሲ-2 ሚዙሪ ውስጥ በጉምና በሬዲዮ ችግር ተይዞ፣ ነዳጁም እያለቀ፣ መሬት መታ። ከሞቱት 5 ሰዎች አንዱ የኒው ሜክሲኮው ሴናተር ብሮንሰን ከቲንግ ነበሩ። ሴኔቱ የራሱን አጣሪ አቋቁሞ መንግሥታዊውን የአየር መሥሪያ ቤት ራሱን መረመረ። ደንብ አውጪው፣ የሬዲዮ ጣቢያ ባለቤቱና መርማሪው አንድ አካል ከሆነ ራሱን ጥፋተኛ እንደማይል ግልጽ ሆነ። በ1938 የወጣው የሲቪል ኤሮኖቲክስ ሕግ ራሱን የቻለ የአየር ደኅንነት ቦርድ አቋቋመ።

እንግሊዝ በዚህ ትቀድማለች። በ1924 የገና ዋዜማ የእንግሊዙ አየር መንገድ የኢምፔሪያል ኤርዌይስ ዲኤች.34 ከክሮይደን እንደተነሳ ወድቆ 8 ሰዎች ሲሞቱ በአገሪቱ የመጀመሪያው ግልጽ የሲቪል አቪዬሽን አደጋ ምርመራ ተካሄደ። የሜዳው አለመመቸት በግልጽ ተነገረ፤ ክሮይደንም ተስፋፍቶ በ1928 አዲስ ተርሚናል ተከፈተለት።

ወታደራዊ ማጓጓዣዎችስ ይሻሉ ነበር?

በአንዳንድ ቦታ አዎ፣ በአንዳንዱ ጭራሽ።

የእንግሊዝ አየር ኃይል ኢራቅ ውስጥ በቪከርስ ቨርነን፣ ኋላም በቪክቶሪያ ወታደርና ፖስታ ያመላልስ ነበር። ካይሮና ባግዳድን በሚያገናኘው መስመር ላይ የሚታይ ምልክት ስላልነበረ በበረሃው ላይ በማረሻ መስመር ተቀደደ፤ አብራሪው ያንን ትልም ቁልቁል እያየ ይበራል። በየርቀቱም ለአስገዳጅ ማረፊያ የሚሆን ሜዳ ተለይቶ ነበር። ከዲሴምበር 1928 እስከ ፌብሩዋሪ 1929 ካቡል በጦርነት ስትታወክ ያው አየር ኃይል በክረምት፣ በበረዶ ተራራ ላይ እየተመላለሰ 586 ሰዎች አወጣ። በሚገባ የተዘጋጀ ቡድን በደካማ ማሽንም ምን እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላገኘሁም። በዚያው በኢራቅ በረሃ ላይ ግን ዲሴምበር 20 ቀን 1934 የኬኤልኤሙ ዩቨር፣ ከሁለት ወር በፊት በለንደን–ሜልቦርን ውድድር ሁለተኛ የወጣው ዝነኛ ዲሲ-2፣ ሩትባ አጠገብ በማዕበል ወድቆ 7 ሰዎች አልቀዋል።

ተቃራኒው አሜሪካ ውስጥ በ1934 ታየ። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በሙስና ጥርጣሬ የኩባንያዎቹን የፖስታ ውል ሰረዙና ሥራውን ለጦሩ አየር ጓድ ሰጡ። የዝግጅት ጊዜው 10 ቀን ብቻ ነበር። አብራሪዎቹ ወጣቶች ናቸው፤ ብዙዎቹ በሌሊትና በመሣሪያ የመብረር ልምድ የላቸውም፤ ከአውሮፕላኖቹም ብዙዎቹ ኮክፒታቸው ክፍት ነው። ወሩ ፌብሩዋሪ፣ ክረምቱም የከፋ ነበር። ሥራው በይፋ ሳይጀመር በልምምድ በረራ ብቻ 3 መኮንኖች ሞቱ፤ ፖስታው ወደ ኩባንያዎቹ እስኪመለስ የሞቱት ከ10 በለጡ። ጥፋቱ የወጣቶቹ አልነበረም። የዱሊትል ሙከራ ካለፈ 4 ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል፤ ዱሊትል ራሱ ሙከራውን ሲያደርግ የዚሁ አየር ጓድ መኮንን ነበር።

ሶቪየት ኅብረት ደግሞ ስምንት ሞተርና 63 ሜትር ክንፍ የነበረውን ማክሲም ጎርኪ የተባለ ግዙፍ አውሮፕላን ሜይ 18 ቀን 1935 አጣች። ለትርዒት አጅቦት የሚበር ተዋጊ አውሮፕላን ሲገለባበጥ መታውና ሞስኮ ላይ ወደቀ፤ ከ40 በላይ ሰዎች ሞቱ።

በዚያ ዘመን በቦምብ የወደቀ መንገደኛ አውሮፕላን አለ?

አለ። ኦክቶበር 10 ቀን 1933 የዩናይትድ ቦይንግ 247 ኢንዲያና ውስጥ ቼስተርተን አጠገብ ፈንድቶ 7 ሰዎች ሞቱ። በምርመራው ናይትሮግሊሰሪን የያዘ ፈንጂ መሆኑ ተረጋገጠ። አድራጊው እስከ ዛሬ አልታወቀም። በዚያው ዓመት ማርች 28 ቀን ሲቲ ኦፍ ሊቨርፑል የተባለው የኢምፔሪያል ኤርዌይስ አውሮፕላን ቤልጂግ ውስጥ ዲክስማይደ ላይ በአየር ላይ እሳት ይዞት 15 ሰዎች አልቀዋል፤ እሳቱ ሆን ተብሎ የተነሳ ነው የሚል ጥርጣሬ ቢኖርም በማስረጃ አልጸናም።

ለመንገደኞች ለምን ፓራሹት አልተሰጠም?

አብዛኞቹ አደጋዎች የደረሱት ሲነሱ፣ ሲያርፉ ወይም በጉም ውስጥ ዝቅ ብለው ሲበሩ ነው፤ በዚያ ከፍታ ፓራሹት ለመዘርጋት ጊዜ የለም። በሩም ጠባብ ነው፤ ያልሠለጠነ ሰው፣ አረጋዊና ሕፃን በሰከንዶች ውስጥ በተራ አይዘልም። ክብደቱም ሌላ ችግር ነበር፤ ክሮይደን ላይ መንገደኛው ራሱ ከሻንጣው ጋር ሚዛን ላይ እየወጣ ይመዘን ነበር።

የበረራ መቅረጫ ሳጥን ሳይኖር መንስኤው እንዴት ይታወቅ ነበር?

ሳጥኑ የተስፋፋው ከ1950ዎቹ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የሚመረመረው ስብርባሪው የት የት እንደወደቀ ነበር። መጀመሪያ የተገነጠለው ክፍል ከሌላው ርቆ ይገኛልና ከአቀማመጡ የመሰባበሩን ቅደም ተከተል መልሶ ማቀናጀት ይቻላል።

የዚህ ዘዴ ጥሩ ምሳሌ የሜፐሃም አደጋ ነው። ጁላይ 21 ቀን 1930 ከፈረንሳይ ወደ ክሮይደን የሚመጣ ዩንከርስ ኤፍ.13 በእንግሊዟ ኬንት ሰማይ ላይ ደመና ውስጥ ሳለ ተበታትኖ 6 ሰዎች ሞቱ። ይህ የብረት አውሮፕላን ነው፤ እርጥበትና ሙጫ ሊከሰስ አይችልም። የመንደሩ ሰዎች ከደመናው ውስጥ ጉርምርምታ ሰምተናል አሉ። የእንግሊዝ ሳይንቲስቶች በነፋስ መሞከሪያ ዋሻ ሞክረው የደረሱበት መደምደሚያ፣ ከክንፉ ላይ የተላቀቀው የታመሰ አየር ጭራውን እየደበደበ ሰብሮታል የሚል ነው። ሪፖርቱ ከሙሉ ዝርዝሩ ጋር ታትሞ ወጣ። አንድ መሐንዲስ የትም አገር ሆኖ አንብቦ የራሱን ጭራ የሚያጠነክርበት ሰነድ ማለት ነው።

የአየር መርከቦቹስ?

እነሱ (በጋዝ ተሞልተው የሚንሳፈፉ ግዙፍ በራሪዎች) ራሳቸውን የቻሉ ታሪክ ስለሆኑ ሁለቱን ብቻ ልጥቀስ። የእንግሊዙ አር101 ወደ ካራቺ ሲጓዝ ኦክቶበር 5 ቀን 1930 ቦቬ፣ ፈረንሳይ ላይ ወድቆ ከ54ቱ 48ቱ ሞቱ። የጀርመኑ ሂንደንበርግ ሜይ 6 ቀን 1937 ኒው ጀርሲ ላይ ሲያርፍ ጋይቶ መሬት ላይ ከነበረ አንድ ሠራተኛ ጋር 36 ሰዎች ሞቱ፤ ከ97ቱ ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች 62ቱ መትረፋቸውን ግን ብዙ ሰው አያውቅም። ሁለቱም የተሞሉት በሃይድሮጂን ነበር።

ኢትዮጵያ ውስጥስ ምን ነበር?

የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው (ኦገስት 18 ቀን 1929)። ፖቴዝ 25 የተባለ የፈረንሳይ ሥራ ሲሆን ያበረረው አንድሬ ማዬ ነበር። ቀጥሎ ዩንከርስና ሌሎችም መጡ፤ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሆኑ።

በብዛት የሚነሳው አደጋ በ1930 ከዘውድ በዓሉ ጥቂት ቀደም ብሎ የደረሰው ነው። ከኒውዮርክ ሃርለም የመጣው ትሪኒዳድ ተወላጅ አብራሪ ሁበርት ጁሊያን የንጉሠ ነገሥቱን ጂፕሲ ሞዝ አስነስቶ ከሰከሰው፤ እሱ ተረፈ፣ ከአገርም እንዲወጣ ተደረገ። ብዙዎች ይህን የአንድ ሰው ድፍረት አድርገው ይተርኩታል። እኔ ግን የከተማውን ከፍታ ሳይጠቅሱ ስለዚያ ዘመን በረራ መናገር ትክክል አይመስለኝም። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠረፍ በአምስት አንድ እጅ ገደማ የሳሳ ነው። የሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል፣ ክንፉም ለመሸከም የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል፣ ስለዚህ መንደርደሪያው ይረዝማል። 100 የፈረስ ጉልበት ገደማ ላላት ትንሽ አውሮፕላን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ደጋው ላይ የበረሩት የዚያ ዘመን አብራሪዎች ሁሉ፣ የእኛዎቹም የውጭዎቹም፣ ከዚህ ጋር ይታገሉ ነበር።

ከፎከሩ አደጋ በኋላ የመጣው የብረት አውሮፕላን ትውልድም በሌላ በር ወደኛ ገብቷል። ዲሲ-3 በጦርነቱ ጊዜ ሲ-47 ተብሎ ለወታደር ማጓጓዣነት ተሠራ። በዲሴምበር 1945 የተመሠረተው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሥራ የጀመረው ከአሜሪካ ጦር በተረፉ 5 ሲ-47ቶች ነው፤ ወንበራቸው በግራና በቀኝ ግድግዳ ላይ ፊት ለፊት የተዘረጋው የወታደር የሸራ አግዳሚ ነበር። የመጀመሪያው በረራ ኤፕሪል 8 ቀን 1946 በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ተደረገ።